ከገዳም ደን እስከ ችግኝ ላስቲክ፦ የሥር ፈንገስን በጣና ዳር የማራባት ሥራ

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ስለ አፈር ድብልቅ ሲመከሩ «የጫካ አፈር ጨምሩበት» መባሉ የተለመደ ነው። ምክሩ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። የጫካ አፈር የሚጠቅመው ጥቁርና ለም ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሕይወት ካለ ሥር ጋር ካልሆነ በቀር ኑሯቸውን መጨረስ የማይችሉ፣ ማይኮራይዛ የሚባሉ ፈንገሶች ስላሉበትም ነው። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ የአበሻ ጥድ፣ ቡና፣ ሁሉም በቀጫጭን ሥሮቻቸው ውስጥ ያኖሯቸዋል። ፈንገሱ ከዛፉ ስኳርና ቅባት ይወስዳል፤ በምላሹ ክሮቹን ወደ አፈሩ ዘርግቶ በተለይ ፎስፈረስና ዚንክ ያቀብለዋል።

ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሥሩ አጠገቡ ያለችውን ጥቂት ሚሊሜትር ካሟጠጠ በኋላ ይራባል። የፈንገሱ ክር ግን ከሥር ፀጉር ይልቅ ቀጭን ስለሆነ ሥሩ በማይገባበት ቀዳዳ ገብቶ ብዙ ሴንቲሜትር ርቆ ይሄዳል። ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ፎስፈረሱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። እዚያ የሚተከል ሀገር በቀል ችግኝ ፈንገሱን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። በየዓመቱ የጫካ አፈር በገልባጭ መኪና ከተጫነ የሚራቆተው ያው ደብሩን የከበበው ደን ነው። ስለዚህ ከደኑ የሚወሰደው እርሾው ብቻ ይሁን፤ ሊጡን እናንተው አቡኩት። ለአንድ መካከለኛ ችግኝ ጣቢያ 5 ሊትር የደን አፈር ይበቃል። የቀረው የባልዲ፣ የማሽላና የአራት ወር ጉዳይ ነው።

የጊዜው አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ በጥቅምት መሰብሰብና መዝራት፣ እስከ የካቲት መጀመሪያ ማሳደግ፣ በየካቲት አጋማሽ ማድረቅ፣ በመጋቢት ችግኝ ወደ ላስቲክ ሲዛወር መጠቀም፣ በሐምሌ ተከላ። ክረምት ላይ መሰብሰብ የማንመክረው አፈሩ ስለሚጨቀይና ሥሩን ከጭቃ መለየት ስለሚያስቸግር ነው።

ከደኑ መውሰድ

መጀመሪያ ፈቃድ። ደብር ከሆነ አስተዳዳሪውን፣ ገዳም ከሆነ አበምኔቱን አነጋግሩ፤ ምን ያህል እንደምትወስዱም ባልዲውን ይዛችሁ አሳዩ። መቃብር ያለበትን ወገን ራሳቸው ያመላክቷችኋል፤ ከዚያ በኩል አንድ አካፋ አፈር እንኳ አይነሣም። እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉ አንዳንድ የደሴት ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ ቡድናችሁ ውስጥ ሴቶች ካሉ ዘጌ ይሻላል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዙሪያውም ከዛፍ ሥር በበቀለ ቡና የተሞላ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ ዶማ፣ መቀስ፣ ፌስታል፣ እርሳስና ወረቀት (የእስክሪብቶ ጽሕፈት በእርጥበት ይጠፋል)፣ አንድ ጠርሙስ በውሃ የቀጠነ በረኪና። ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ስትሄዱ ዶማውን በበረኪናው እጠቡት፤ የሥር በሽታ የሚዛመተው በመሣሪያ ላይ በተጣበቀ አፈር ነው።

እርሾው ለየትኛው ችግኝ እንደሆነ ወስናችሁ ከዚያው ዝርያ፣ ካልሆነም አብረውት ከሚበቅሉ ዛፎች ሥር ውሰዱ። አምስት ዛፍ ምረጡ። ከግንዱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ርቃችሁ የረገፈውን ቅጠል ወደ ጎን ገለጥ አድርጉ፤ ከ5 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ከነቀጫጭን ሥሩ አንሡ። ከአንድ ዛፍ 1 ሊትር፣ እሱም ከሁለት ከሦስት ቦታ ተለቃቅሞ ይበቃል። የሚፈለገው ሥር ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆነው፣ ለስላሳው፣ ሲጠማዘዝ የማይሰበረው ነው። የጠቆረና በጣት ሲፈረክስ የሚላጥ ሥር ሞቷል፤ ተዉት። ሥሩ የዛፉ ይሁን ከዛፉ ግርጌ የበቀለው ሣር ለማወቅ ከወፍራሙ ሥር ጀምሮ እየተከተሉ መሄድ ግድ ነው። ጉድጓዱን ድፈኑ፣ ቅጠሉን መልሱ።

ዝግባ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ቀጫጭን ሥሮቹ ግራና ቀኝ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር በሚሆኑ ክብ እብጠቶች የተደረደሩ ናቸው። ትል የበላው ወይም እንደ ባቄላ ናይትሮጅን የሚሠራ የባክቴሪያ ቋጠሮ ይመስላሉ። ሁለቱንም አይደሉም፤ ዝግባ ፈንገሱን የሚያሳድርባቸው የራሱ ማደሪያዎች ናቸውና እንዳትጥሏቸው። ግራር፣ ብርብራና ሰሳ ላይ የምታዩት ቋጠሮ ግን በእርግጥ የባክቴሪያ ነው፤ እነዚህ ዛፎች ባክቴሪያውንም ፈንገሱንም አንድ ላይ ይይዛሉ።

ከባሕር ዛፍ ሥር እርሾ አትውሰዱ። ባሕር ዛፍ ይህንንም፣ ሥሩን ከውጭ የሚሸፍነውን ሌላ ዓይነት ፈንገስም ስለሚይዝ የምታመጡት የተቀላቀለ ይሆናል። እንደ ፓቱላ ያሉ የፓይን ዛፎች ደግሞ የሚፈልጉት ያንን ሌላውን ዓይነት ብቻ ስለሆነ ይህ መመሪያ አይመለከታቸውም።

ፌስታሉን ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት። ታስሮ የሞቀ እርጥብ አፈር በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። ጥላ ውስጥ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተጠቀሙበት።

ባልዲው

የ10 ሊትር ባልዲ ወይም አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን ውሰዱና ከታች ስምንት ያህል ቀዳዳ ብሱት። መደቡ፣ ማለትም ባልዲውን የሚሞላው ድብልቅ፣ ሁለት እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋና አንድ እጅ ቀይ አፈር ነው። ዋልካ አይሆንም፤ ሲረጥብ አየር አያስገባም፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። አሸዋው የደቀቀ ከሆነ በወንፊት ነፍታችሁ ሸካራውን ተጠቀሙ።

መደቡን በእንፋሎት ቀቅሉት። በርሜል ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ውሃ፣ በላዩ የብረት ፍርግርግ፣ ከዚያ አፈሩ በጆንያ። እንፋሎቱ በጆንያው አናት መውጣት ከጀመረ በኋላ አንድ ሰዓት፤ በማግሥቱ እንደገና አንድ ሰዓት። ሁለተኛው ዙር የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ሙቀት ያልሞቱት የበሽታ ስፖሮች (እንደ ዘር የሚያገለግሉ ደቃቅ ቅንጣቶች) በመሐሉ ስለሚነቁ ነው። የተቀቀለ አሲዳማ ቀይ አፈር ማንጋኒዝ ይለቅና ቡቃያ ሊመርዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ተዘርግቶ ይረፍ። ይህን ዕረፍት ዘለው በሁለተኛው ሳምንት ቢጫ ቡቃያ የሚያዩ ብዙ ናቸው።

ባልዲውን በመደቡ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙሉት። ከዚያ ከደኑ የመጣውን አፈር፣ ሥሩ በመቀስ በ1 ሴንቲሜትር ተቆራርጦ የተቀላቀለበትን፣ 1 ሊትር ያህል አንድ ወጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። በላዩ 3 ሴንቲሜትር መደብ አልብሱና ዝሩበት። የሚበቅለው ሥር ወደ ታች ሲወርድ ያንን ንብርብር ማለፉ አይቀርለትም፤ ከሁሉም ጋር ከመደባለቅ ይልቅ በንብርብር ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የሚዘራው ማሽላ ወይም ዳጉሳ ሲሆን ጥቂት የማገጥ ዘር ጣል ማድረግ ጥሩ ነው፤ በቆሎም ይሆናል። ቀለም የተቀባ የምርጥ ዘር በቆሎ ግን ፀረ ፈንገስ ስላለው አይሆንም፤ የአካባቢ ዘር ግዙ። ዘሩን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አቅጥናችሁ 10 ደቂቃ ከዘፈዘፋችሁ በኋላ በደንብ አለቅልቁት።

ይህን ፈንገስ ጨርሶ የማይቀበሉ ወይም እምብዛም የማይቀበሉ ተክሎችም አሉ፦ ጎመን፣ ጎመንዘር፣ ሰናፍጭ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ አሉማ። ጎጃም ውስጥ በተለይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከግብጦ ነው። ጥራጥሬ ስለሆነ ማገጥን የሚተካ ይመስላል፤ ግብጦ ግን ፎስፈረስን በራሱ መንገድ፣ በተጠቀጠቁ አጫጭር ሥሮቹ አሲድ እያመነጨ ነው የሚያወጣው። በግብጦ የተራባ ባልዲ ከአራት ወር በኋላ ባዶ ነው። በባሕሩ ዳር የሚበቅለው ደንገልም ቤተሰቡ ለዚህ ፈንገስ ጥሩ አሳዳሪ አይደለም።

ውኃ የሚጠጣው የላዩ 2 ሴንቲሜትር ሲደርቅ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ካለፈው በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ግራም ዩሪያ በ1 ሊትር ውሃ ተሟሙቶ ለአንድ ባልዲ ሩብ ሊትር ይሰጠው። ፎስፈረስ ያለበት ነገር አይሰጥም፦ ኤንፒኤስም፣ ዳፕም፣ የዶሮ ኩስም፣ የእምቦጭ ኮምፖስትም። ተክሉ ፎስፈረስ በቀላሉ ካገኘ ለፈንገሱ ስኳር አይከፍልም፤ በሩን ይዘጋበታል። ስለዚህ የለመለመ፣ አገዳው የወፈረ ማሽላ ካያችሁ አትደሰቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ባዶ ነው። በደህና ባልዲ ላይ ያለው ማሽላ ትንሽ ገርጣ ያለ፣ በዝግታ የሚያድግ ነው።

ባልዲዎቹ በቀጥታ መሬት ላይ አይቀመጡ። በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ሆነው ሙሉ ፀሐይ ያግኙ፤ ጥላ ውስጥ ያለ ተክል ለፈንገሱ የሚተርፍ ስኳር አይሠራም። አንድ ባልዲ ያለ ደን አፈር በተቀቀለው መደብ ብቻ ዝሩ። በእሱ ሥር ላይ ፈንገስ ከተገኘ መደባችሁ በደንብ አልተቀቀለም ወይም ከሌላው ተረጭቶበታል ማለት ነው።

ማረጋገጥ

በአሥረኛው ሳምንት ሥሩ ይታይ። ይህን ደረጃ ዘለው እርሾ የሚያከፋፍሉ አሉ፤ እኛ አንመክርም። ባዶ አፈር በላስቲክ ማደል ይሆናል።

ከባልዲው ጎን በቧንቧ ቁራጭ ወደ ታች ወጋ አድርጋችሁ አፈር አውጡ፣ ሥሩን እጠቡ፣ ነጫጩንና ቀጫጭኑን 1 ግራም ያህል ምረጡ። 10 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በ100 ሚሊሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ኬሚካሉን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኬሚካሉ አታፍሱ፤ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሥሩ ያለበት ፈሳሽ በመስታወት ዕቃ ሆኖ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። የአልሙኒየም ድስት ውስጥ በቀጥታ አታድርጉት፤ ኬሚካሉ ድስቱን እየበላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የባሕር ዳር ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ስለሚጠጋ ውሃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በቆላ ወይም በባሕር ጠረፍ ከተጻፈ መመሪያ ላይ የምታገኙትን ደቂቃ ትንሽ ጨምሩበት። ለማሽላ ሥር 20 ደቂቃ፣ ለዛፍ ሥር ከ45 እስከ 60 ደቂቃ። ሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን ይበቃዋል፤ ሲነኩት ከተበታተነ አልፎበታል። እንደ ወይራና ዶቅማ ያሉ ሥራቸው የጠቆረ ዛፎች ከዚህም በኋላ ካልነጡ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆዩ።

አራት ጊዜ ካለቀለቃችሁ በኋላ ማቅለም ነው። 95 ሚሊሊትር አቼቶ፣ 5 ሚሊሊትር የብዕር ቀለም። አቼቶው 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለው ይሁን። ቀለሙ በብዕር የሚሞላው ዓይነት፣ እንደ ሼፈር ጥቁር ወይም ፓርከር ኩዊንክ ያለ ነው። በቁም ጸሐፊዎች እጅ የሚገኘው ጥቁር ቀለም ለብራና ወደር የለውም፤ ለዚህ ግን አይሠራም፤ ከጥላሸት ስለሚሠራ በውሃ አይሟሟም፣ ሥሩም ውስጥ አይገባም። ድብልቁ ሲፈላ ሥሩን ለሦስት ደቂቃ አስገቡ፤ ከዚያ ጥቂት የአቼቶ ጠብታ ባለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ አቆዩት። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆኖ ከታያችሁ ቀለሙ አልወጣለትም፤ እስከ ማግሥቱ ተዉት። አቼቶና በረኪና እንዳይገናኙ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። ሁለቱም በዚህ ሥራ ስላሉ በተለያየ ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ።

ሥሩን ስላይድ ላይ ጎን ለጎን ደርድሩ፤ ለቆዳ የሚሸጠውን ግሊሰሪን እኩል ውሃ ቀላቅላችሁ ጠብ አድርጉበት፤ በመሸፈኛው ብርጭቆ ጫን አድርጉ። በማይክሮስኮፕ በ100 እጥፍ ጀምሩ፣ ከዚያ በ400። የምትፈልጓቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መሐል መሐሉ ላይ የማይቆራረጥ፣ ወፈር ቀጠን እያለ የሚጓዝ ሰማያዊ ክር፤ በክሩ ጫፍ ወይም መሐል ያለ ክብ ወይም ሞላላ የቅባት ቋት፤ በአንዱ ሴል ውስጥ እየተከፋፈለ ሴሉን የሚሞላ ደብዛዛ ቁጥቋጦ መሳይ ነገር። ይህ የመጨረሻው ነው ልውውጡ የሚካሄድበት። የዕድሜው ርዝመት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ባረጀ ሥር ላይ አይታይም፤ ወጣት ሥር ምረጡ ያልነውም ለዚሁ ነው። ቡናማ ሆኖ እኩል እኩል በተከፋፈለ ግድግዳ የሚታይ ክር ሌላ ፈንገስ ነው፤ አትቁጠሩት።

ስላይዱን እያንቀሳቀሳችሁ በማይክሮስኮፑ መመልከቻ ውስጥ ያለው መስመር ሥር ባቋረጠ ቁጥር «አለ» ወይም «የለም» በሉ፤ እስከ 100 ቁጠሩ። ከ50 በላይ «አለ» ከሆነ እርሾው ደርሷል። ከ20 እስከ 50 ከሆነ አንድ ወር ጨምሩለት። ከ20 በታች ከሆነ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ፎስፈረስ ነው፤ ካልሆነም ባልዲው ውስጥ የቆመ ውሃ ወይም በጉዞ ላይ የሞቀ አፈር።

በዚያው ሥሩ ላይ እብጠት ፈልጉ። የማገጥ ቋጠሮ በጣት ሲነካ ከሥሩ ይላቀቃል፣ ሲቆረጥ ውስጡ ሐምራዊ ቀይ ነው። ሥሩ ራሱ ያበጠ ከሆነና የማይላቀቅ ከሆነ ኒማቶድ (ሥር የሚያሳብጥ ደቃቅ ትል) ነው። ያ ባልዲ አይታደልም፤ በእንፋሎት ቀቅላችሁ ድፉት።

ለችግኙ መስጠት

በአራተኛው ወር ማሽላው ሊያፈራ ሲል ውሃ አቁሙ። ለሁለት ሳምንት ይድረቅ፤ ፈንገሱ ድርቅ ሲመጣበት ስፖር ይሠራል። አገዳውን ከመሬት እኩል ቁረጡ፣ አፈሩን ገልብጡ፣ ሥሩን በ1 ሴንቲሜትር ቆራርጣችሁ መልሳችሁ ቀላቅሉ። ከአንድ ባልዲ 11 ኪሎ ያህል ይወጣል፤ ለ350 ችግኝ ይበቃል።

የላስቲኩ አፈር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ብቻ ኮምፖስት ይኑረው። ችግኙ ከተዘራበት የችግኝ መደብ ወደ ላስቲክ ሲዛወር በጣት ወይም በእንጨት በተበሳው ቀዳዳ ሥር ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ 30 ግራም ያህል እርሾ አድርጋችሁ ሥሩን በላዩ አሳርፉ። ላዩ ላይ መበተን ጥቅም የለውም፤ ሥሩ ካልነካው ፈንገሱ አይገባም። ሃያ ላስቲክ ላይ ተቀቅሎ የሞተ እርሾ አድርጋችሁ ምልክት አድርጉባቸው፤ ልዩነቱን የምታውቁት ከእነሱ ጋር ቁመቱንና የግንዱን ውፍረት ስታወዳድሩ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርሾ የተሰጠው ችግኝ ካልተሰጠው አንሶ ሊታይ ይችላል። ፈንገሱ መመለስ ከመጀመሩ በፊት ስለሚበላ ነው። ደንግጣችሁ ማዳበሪያ አትስጡት፤ ጥላውን አሳሱለት። ቡቃያ የሚያጠወልግ በሽታ ቢነሣ ውሃ መቀነስና ላስቲኮቹን ማራራቅ ይቅደም፤ እንደ ቤኖሚልና ካርቤንዳዚም ያሉ ወደ ተክሉ የሚገቡ ፀረ ፈንገሶች የእናንተንም ፈንገስ ይጎዳሉ።

ያልተጠቀማችሁበት እርሾ በጥላ ደርቆ በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ፤ እስከሚቀጥለው ጥቅምት ይቆያል። ከእሱ ሁለት ባልዲ አስነሥታችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ነገር ግን በማሽላ ላይ ደጋግሞ ሲራባ ማሽላን የሚወዱት ጥቂት ዝርያዎች ብቻ እየበዙ ሌሎቹ ይጠፋሉና በየሦስት ዙሩ ከዚያው ደን 1 ሊትር አዲስ አፈር ጨምሩበት። ከረጢቱ ላይ የደኑ ስም፣ የዛፉ ዝርያ፣ ወሩና ስንተኛ ዙር እንደሆነ ይጻፍ።